ሰባት ነጥብ ስንት ነው?

ስሜትን በቁጥር የሚለኩ መጠይቆች እና የሚታመኑበት ልክ

ሦስተኛው ጠረጴዛ

የሥነ ልቦና ጥናት የሚለካው ነገር በዓይን አይታይም፣ በእጅም አይዳሰስም። ድባቴ፣ ጭንቀት፣ የማስታወስ ችሎታ፣ በራስ መተማመን የሚታወቁት በምልክታቸው ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ሙያ ከውጤቱ በፊት የሚመረመረው መለኪያው ነው፤ ምርመራውም ሁለት ጥያቄ አለው። መለኪያው ደጋግሞ ቢለካ ተመሳሳይ መልስ ይሰጣል ወይ? የሚለካውስ እለካዋለሁ ያለውን ነገር ነው ወይ? የመጀመሪያው አስተማማኝነት፣ ሁለተኛው ትክክለኛነት ይባላል፤ ሁለተኛውን «ተገቢነት» የሚሉት መምህራንም አሉ። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ሁለቱንም ቃላት ያውቃቸዋል። ብዙውን ጊዜ የሚያውቃቸው ግን ለፈተና የተሸመደደ ነገር በሚታወቅበት ልክ ነው፤ በመመረቂያ ጽሑፍ ምዕራፍ ሦስት አንድ አንቀጽ ይሰጣቸውና ይታለፋሉ።

ልዩነታቸው በግልጽ የሚታየው ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። ካርድ ያወጣች አንዲት እናት ተራዋ ሲደርስ ሦስት ጠረጴዛ ታልፋለች እንበል። በመጀመሪያው ሚዛን ላይ ትቆማለች። በሁለተኛው የደም ግፊት መለኪያው ክንዷ ላይ ተጠምጥሞ ይነፋል። በሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ያለው አንድ ገጽ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው። ነርሱ ዘጠኝ ጥያቄዎች ያነብላታል፦ ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ አስቸግሯት እንደሆነ፣ የምግብ ፍላጎቷ ተለውጦ እንደሆነ፣ ነገር ሁሉ አልጥም ብሏት እንደሆነ። ለእያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል። ድምሩ 7 ሆነ።

ይህ ወረቀት ፒኤችኪው-9 ይባላል። ክሮንኬ፣ ስፒትዘርና ዊሊያምስ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ጥራቱን መርምረው ያሳተሙት በ2001 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከፍተኛው ነጥብ 27 ሲሆን፣ 10ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ድባቴ ሊኖርበት ስለሚችል ይበልጥ ይመረመር የሚለው ወሰን በብዙ አገር ተለምዷል። ሚዛኑ 58 ኪሎ ሲል 58 ኪሎ ምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። 7 ነጥብ ግን ምንድነው?

ክንድና ቁና

ጨርቅ በክንድ በሚሸጥበት ጊዜ መለኪያው ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ያለው ርቀት ነበር። ያው ነጋዴ ያንኑ ጨርቅ ጠዋትም ማታም ቢለካው ቁጥሩ አይለወጥም፤ ክንዱ አላጠረም፣ አልረዘመም። ለካው ሌላ ሰው ሲሆን ግን ስድስት የነበረው አምስት ተኩል ይሆናል። እህል በቁና ሲሰፈርም እንዲሁ ነው፤ አንዱ እስኪከመር ይሞላዋል፣ ሌላው አፉ ላይ በእጁ ይጠርገዋል። አስተማማኝነት የሚባለው ነገር አንድ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። መለኪያ በጊዜ ብዛት ሊጸና፣ በሰው ለውጥ ደግሞ ሊናጋ ይችላል።

በጊዜ መጽናቱን ለማወቅ ተመራማሪዎች ያንኑ መጠይቅ ለዚያው ሰው ሁለት ጊዜ ያቀርባሉ። እዚህ ላይ የሚቸግረው የመካከሉ ርዝመት ነው። ሁለት ቀን ብቻ ከሆነ ተጠያቂዋ የበፊቱን መልሷን አስታውሳ ትደግመዋለች፤ በዚህም የተፈተነው መጠይቁ ሳይሆን የእሷ ትዝታ ይሆናል። ሁለት ወር ከሆነ ደግሞ ኑሮዋ ራሱ ተለውጦ ሊሆን ይችላል፤ ልጇ ታሞ፣ ወይም ታሞ የነበረው ድኖ። ነጥቡ ቢለያይ መጠይቁ ሊወቀስበት አይገባም፤ እንዲያውም ባይለያይ ነበር የሚያጠራጥረው።

በሰው ለውጥ መጽናቱን ለማወቅ ሁለት ባለሙያዎች ያንኑ ታካሚ ለየብቻ ይመረምራሉ፣ ከዚያ ውሳኔያቸው ይነጻጸራል። ይህም የራሱ ወጥመድ አለው። ከመቶ ታካሚዎች አምስቱ ብቻ ድባቴ ካለባቸው፣ ሁለቱም ባለሙያዎች ሳይመረምሩ ለሁሉም «የለበትም» ብለው ቢጽፉ መቶ በመቶ ተስማሙ ማለት ነው፤ አንድም ሕመምተኛ ግን አላገኙም። ጄኮብ ኮኸን በ1960 ካፓ የተባለውን ስሌት ያመጣው በአጋጣሚ የሚመጣውን ስምምነት ከሒሳቡ ለመቀነስ ነው። በኢትዮጵያ መረጃ ሰብሳቢዎችን የሚያሠለጥኑ ሰዎች ከስሌቱ ይልቅ የሚያሳስባቸው ሌላ ነው። ሥልጠናው ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ያነባል፤ መስክ ላይ አምስተኛው ቤት ሲደርስ ግን አንዱ ጥያቄውን ያሳጥረዋል፣ ሌላው «ይህ እንኳ እርስዎን አይመለከትም» ብሎ ያልፈዋል።

የ0.70 ልማድ

ሦስተኛው ዓይነት አስተማማኝነት በጽሑፍ ላይ የበዛው፣ ብዙም ያልታሰበበትም እሱ ነው። መጠይቅ ለሁለተኛ ጊዜ ሳይሰጥ፣ ሁለተኛ መርማሪም ሳያስፈልግ፣ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚሄዱ ይሰላል። ስሌቱን በ1951 ባሳተመው ጽሑፍ ያስፋፋው ሊ ክሮንባክ ስለሆነ የክሮንባክ አልፋ ይባላል። ኮምፒዩተሩ ላይ አንድ ጊዜ ሲጫኑ ይወጣል፤ ከ0.70 በላይ ከሆነ ተማሪው እፎይ ይላል፣ አማካሪውም ወደሚቀጥለው ገጽ ይሻገራል።

ይህ 0.70 ከየት መጣ? ብዙዎች የሚጠቅሱት የጁም ነናሊን የ1978 መጽሐፍ ነው። ነናሊ ግን ይህን ቁጥር ያነሳው ገና በጅምር ላይ ላለ ምርምር ነበር። በአንድ ግለሰብ ላይ ውሳኔ ለሚያሰጥ ፈተና፣ ለምሳሌ ማን ይታከም፣ ማን ትምህርት ቤት ይግባ ለሚል፣ 0.90 እንኳ ዝቅተኛው መነሻ እንደሆነ ጽፏል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ዓለምን ዞረ፤ ሁለተኛው መጽሐፉ ውስጥ ቀረ።

ከዚህም የባሰ ነገር አለ። አልፋ ከፍ የሚለው ጥያቄዎቹ ሲበዙና ሲመሳሰሉ ነው። መጠይቅ በረዘመ ቁጥር አስተማማኝነቱ እንደሚጨምር ስፒርማንና ብራውን በ1910 በቀመር አሳይተዋል። ስለዚህ «አዝነው ያውቃሉ?»፣ «ሐዘን ይሰማዎታል?»፣ «ያዘኑበት ቀን ብዙ ነው?» እያለ አሥር ጊዜ የሚጠይቅ ወረቀት ግሩም አልፋ ያገኛል። እንቅልፍን፣ ምግብን፣ ድካምን፣ ጸጸትንና ሞትን መመኘትን አንድ በአንድ የሚጠይቀው ደግሞ ሰፋ ያለ ነገር ስለያዘ ብቻ ዝቅ ሊል ይችላል። ክሮንባክ ራሱ ከሞተ በኋላ በ2004 በታተመው ጽሑፉ፣ በስሙ የሚጠራው ቁጥር የአስተማማኝነትን ጉዳይ ሁሉ ይሸፍናል ብሎ እንደማያምን ተናግሯል።

> አንድን ጥያቄ በአሥር አነጋገር መጠየቅ አልፋን ከፍ ያደርጋል፤ ስለ ተጠያቂዋ የሚታወቀውን ግን አይጨምርም።

የክሪስኮ ጥያቄ

መለኪያ ጸንቶ ሊሳሳት ይችላል። አምስት ኪሎ የሚቀንስ ሚዛን ሁልጊዜ አምስት ኪሎ ከቀነሰ እጅግ አስተማማኝ ነው። ይህን ለማሳየት ከአሜሪካ የጦር ሠራዊት ፈተና የበለጠ ታሪክ የለም።

አሜሪካ በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ፣ በሮበርት ያርክስ የተመራ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ቡድን የምልምል ወታደሮችን የማሰብ ችሎታ ለመለካት ተነሣ። ማንበብ ለሚችሉት አልፋ፣ ለማይችሉት ቤታ የተባሉ ፈተናዎች ተዘጋጁ፤ ወደ 1.7 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችም ተፈተኑ። በአልፋ ፈተና ውስጥ ከነበሩት ጥያቄዎች አንዱ ክሪስኮ ምንድነው የሚል ነበር፤ ምርጫዎቹ መድኃኒት፣ ጀርም ማጥፊያ፣ የጥርስ ሳሙናና የምግብ ሸቀጥ። ክሪስኮ የአሜሪካ እናቶች ለመጋገሪያ የሚጠቀሙበት የአትክልት ቅባት ነው። ከጣሊያን ገጠር ከመጣ አንድ ዓመት ያልሞላው ወጣት ይህን ባያውቅ ምኑ ተለካ?

ውጤቱ ለማየት ለሚፈልግ ሰው መልሱን ይዞ ነበር፤ የውጭ ተወላጆች አማካይ ነጥብ አሜሪካ በኖሩበት ዓመት ልክ ከፍ ይላል። ፈተናው የተፈጥሮ ችሎታን ከለካ ችሎታ በመኖሪያ ፈቃድ አይጨምርም። ካርል ብሪገም ግን በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ ቁጥሮቹን የዘር ደረጃ ማውጫ አደረጋቸው፤ የስደተኞችን ቁጥር በእጅጉ የገደበው ሕግ በወጣበት በ1924 ዙሪያም መጽሐፉ በክርክሩ ውስጥ ገብቷል። ብሪገም በ1930 ድምዳሜውን በጽሑፍ ሻረ። ሕጉ ግን ያኔ አልተሻረም።

ከዚህና ከመሰል ስሕተቶች በኋላ ትክክለኛነት የሚለው ሐሳብ እየሰፋ ሄደ። ከጥንቱ የቀሩት ሁለት ጥያቄዎች ዛሬም ያገለግላሉ፦ ወረቀቱ የጉዳዩን ዘርፎች በሙሉ ይዟል ወይ፣ ውጤቱስ ይበልጥ ከሚታመን ሌላ ምርመራ ጋር ይገጥማል ወይ። በ1955 ክሮንባክና ፖል ሚል ሦስተኛውን ጨመሩ፤ የማይታይ ነገር ሲለካ ነጥቡ ከሌሎች ነገሮች ጋር ያለው ዝምድና ሐሳቡ እንደሚጠብቀው መሆን አለበት። ድባቴን የሚለካ ወረቀት ከብቸኝነትና ከሥራ መፍታት ጋር ካልተዛመደ፣ ከማንበብ ችሎታ ጋር ግን አጥብቆ ከተዛመደ፣ የለካው ማንበብን ነው። ሳሙኤል ሜሲክ በ1989 ነገሩን ወደ ዳር አደረሰው፤ ትክክለኛ ወይም የተሳሳተ የሚባለው ወረቀቱ አይደለም፣ ከነጥቡ ተነሥቶ ስለ ሰው የሚደረገው ድምዳሜ ነው አለ። «ይህ መጠይቅ ተረጋግጧል» የሚለው የተለመደ አነጋገር በዚህ ዓይን ሲታይ ጎደሎ ነው። የት፣ በማን ላይ፣ ለምን ጉዳይ ተረጋገጠ?

ሆድ ሲብስ

መጠይቅ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ሲሻገር የተለመደው ሥርዓት እንዲህ ነው። አንድ ሰው ይተረጉማል፤ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ትርጉሙን ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይመልሳል፤ ሁለቱ ጽሑፎች ከተመሳሰሉ ሥራው አለቀ ይባላል። ሪቻርድ ብሪስሊን በ1970 ካስፋፋው ወዲህ ይህ ዘዴ በየጥናቱ ይጠቀሳል። ችግሩ ቃል በቃል የተተረጎመ ነገር ቃል በቃል መመለሱ ነው። ፈረንጅ ሲጨንቀው ሆዱ ውስጥ ቢራቢሮ እንዳለ ይናገራል። «ሆዴ ውስጥ ቢራቢሮ አለ» ተብሎ ወደ አማርኛ ቢገባ፣ መላሹ አንድ ቃል ሳያጎድል ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፤ ሰነዱ ላይ እንከን አይታይም። ጥያቄውን የምትሰማው ሴት ግን የሆድ ትል መድኃኒት ሊሰጧት የመጡ ይመስላታል።

አማርኛ ለሆድ የራሱ መዝገበ ቃላት አለው። ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፣ ሆድን ባር ባር ይላል። እነዚህ የስሜት ቃላት ናቸው፤ ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ግን ወደ ጨጓራ ክፍል ሊመሩ ይችላሉ። «ሐሳብ ይበዛብኛል» የሚለውም እንዲሁ። ለጤነኛ ሰው ማሰብ ደግ ነገር ነው፤ ሐሳብ የበዛበት ሰው ግን ክፉኛ ተጨንቋል። የአእምሮ ጤና ነርሶች ሴቶች «ድባቴ» የሚለውን ቃል ይዘው እንደማይመጡ ይናገራሉ፤ ይዘው የሚመጡት ራስ ምታት፣ ድካም፣ የልብ ድካምና የሐሳብ ብዛት ነው።

ቃሉ ቢቃናም ወራቱና ሥርዓቱ ይቀራሉ። ፒኤችኪው-9 የሚጠይቀው ስለ ሁለት ሳምንት ነው፤ ዐቢይ ጾም ግን 55 ቀን ነው። የምግብ ፍላጎቷ ስለ መቀነሱ የተጠየቀች ጿሚ ሴት ስለ ሕመም እየመለሰች ነው ወይስ ስለ ሥርዓት? ሞትን ስለ መመኘት የሚጠይቀው የመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ ራስን ማጥፋት ከባድ ኃጢአት በሆነበት ቤት ጠንካራ «የለም» ያስከትላል፤ «ምነው ፈጣሪ በወሰደኝ» ግን በየቀኑ የሚሰማ አነጋገር ነው። ይህ ባህልን ማድነቅ ወይም መውቀስ አይደለም። መጠይቁ አንዱን ከሌላው ካልለየ ቁጥሩ ሁለቱን ደባልቆ ይይዛል።

ከሁሉም የሚከብደው የሰላምታው ጉዳይ ነው። «እንደምን ነዎት?» ሲባል የሚመለሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ የታመመም የተራበም እንዲሁ ይመልሳል። መረጃ ሰብሳቢው ከደጅ ገብቶ፣ ቡና ተጋብዞ፣ በዚያው ድምፅ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ደስታ ርቆዎት ያውቃል?» ካለ፣ የሚያገኘው መልስ የሰላምታው ቅጥያ ሊሆን ይችላል። አምስት ደረጃ ያለው መልስም ሌላ ፈተና ነው። ሬንሲስ ላይከርት በ1932 ያስተዋወቀው «ፈጽሞ አልስማማም» ብሎ ጀምሮ «በጣም እስማማለሁ» የሚደርሰው መሰላል በወረቀት ላይ ለሚያነብ ሰው ግልጽ ነው። በጆሮ ለሚሰማ ገበሬ ግን መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው፤ በመካከል ያሉትን ደረጃዎች የሚሞላው ብዙ ጊዜ ጠያቂው ነው።

ጠያቂው ሳያውቀው መልሱን እንደሚሰጥ በርሊን ውስጥ በፈረስ ታይቷል። ፎን ኦስተን የተባለ ሰው ሐንስ የሚባል ፈረስ የሒሳብ መልስ በኮቴው እየመታ ይቆጥር ነበር። ኦስካር ፕፉንግስት በ1907 እንዳሳየው፣ ጠያቂው ራሱ መልሱን የማያውቅ ሲሆን ፈረሱም አያውቅም፤ ሐንስ ሲያነብ የኖረው የጠያቂውን የራስ እንቅስቃሴ ነበር። ቃለ መጠይቅ የምትሰጥ ሴት ከፈረስ ይልቅ ፊት ታነባለች።

ቡታጅራና አዲስ አበባ

እነዚህ ሁሉ ጥርጣሬዎች በወሬ የሚቀሩ አይደሉም፤ ይፈተናሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከተፈተኑባቸው ቦታዎች ዋናው ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የኅብረተሰብ ጤና ጥናት ሲካሄድበት የኖረው ቡታጅራ ነው።

በ1987 ጆን ኮክስና ባልደረቦቹ በስኮትላንድ ለወለዱ እናቶች አሥር ጥያቄ ያለው መጠይቅ አዘጋጁ፤ የኤዲንብራ መለኪያ ይባላል። የሚጠይቀው በአብዛኛው ስለ ስሜት ነው፦ መሳቅ ስለ መቻል፣ ራስን ያለ በቂ ምክንያት ስለ መውቀስ፣ መጪውን በጉጉት ስለ መጠበቅ። እያንዳንዱ ጥያቄ አራት ደረጃ አለው። ከእሱ ቀድሞ በዓለም ጤና ድርጅት ጥናት የተስፋፋው ኤስአርኪው-20 ደግሞ ቀለል ያለ ነው። ሃያ ጥያቄ፣ መልሱ አዎ ወይም አይደለም፣ ከጥያቄዎቹም ብዙዎቹ ስለ ሰውነት ናቸው፦ ራስ ምታት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የምግብ አለመፈጨት፣ ቶሎ መድከም።

በ2008 የታተመ ጥናት ሁለቱን በቡታጅራ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ላይ አነጻጸረ፤ ማመሳከሪያው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ምርመራ ነበር። የኤዲንብራው መለኪያ የተጨነቀችውን ካልተጨነቀችው በቅጡ መለየት አቃተው፤ ኤስአርኪው-20 የተሻለ ሆነ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ2010 የኤዲንብራው መለኪያ በአዲስ አበባ እናቶች ላይ ሲፈተን ግን ጥሩ ሠራ። አገሩ ያው፣ ቋንቋው ያው፣ ከተመራማሪዎቹም የተወሰኑት ያው ናቸው። የተለወጠው ተጠያቂዋ የምትኖርበት ቦታና የተማረችው ትምህርት ነው። ምክንያቱ የመልሱ መሰላል ይሁን ወይም የስሜት ቃላቱ ከነጥቡ ብቻ አይለይም። አንድ ነገር ግን የሚያከራክር አይደለም፤ «በኢትዮጵያ የተረጋገጠ» ብሎ መጻፍ ለአንዲት የቡታጅራ አራስ ምንም ማለት አልነበረም።

> «በኢትዮጵያ የተረጋገጠ» ማለት ለአንዲት የቡታጅራ አራስ ምንም ማለት አልነበረም።

ፒኤችኪው-9ም ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። በ2013 የታተመው የአዲስ አበባ ሆስፒታል ጥናት የሚሻለው ወሰን የተለመደው 10 እንደሆነ አገኘ። በ2015 በገጠር ጤና ጣቢያ ተገልጋዮች ላይ የታተመው ጥናት ግን የሚሻለው ወሰን 5 እንደሆነ አገኘ፤ በ10 ቢቆረጥ ብዙ ታማሚ ይታለፋል።

ወሰኑን ዝቅ ማድረግ ደግሞ ነፃ አይደለም። ለምሳሌ ያህል ከ1,000 ተገልጋዮች 50ዎቹ በእርግጥ ድባቴ አለባቸው እንበል፤ መጠይቁም ከታመሙት አሥር ስምንቱን፣ ካልታመሙትም አሥር ስምንቱን በትክክል የሚለይ ይሁን። ከ50ዎቹ 40 ይገኛሉ። ካልታመሙት 950 ግን 190 በስሕተት ይያዛሉ። ወረቀቱ «ይታይ» ብሎ ከላካቸው 230 ሰዎች ታማሚዎቹ ከአምስት አንድ አይሞሉም። ይህ መጠይቁ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ሕመሙ ከጤናው ያነሰ ስለሆነ ነው። በአንዲት ነርስ ትከሻ ላይ ባለ ጤና ጣቢያ ግን የ190 ሰው ወረፋ ቀላል አይደለም። ፒኤችኪው-9 ማጣሪያ ነው፤ በእሱ ብቻ መድኃኒት የሚጽፍ ሰው ወንፊትን ወፍጮ አድርጎታል።

አስተምሮ መፈተን

መለኪያው ሳይሆን የመለካቱ ሥርዓት የተለወጠበት አንድ ጉዳይ በእስራኤል አለ። በዘመቻ ሙሴና በ1991ዱ ዘመቻ ሰሎሞን ከኢትዮጵያ የገቡ ቤተሰቦች ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ በተለመዱት የችሎታ ፈተናዎች ዝቅተኛ ነጥብ አገኙ። ቅርጽ ከቅርጽ ማዛመድ፣ የጎደለውን ምስል መምረጥ፣ በሰዓት ተይዞ ብቻን ወረቀት ላይ መሥራት ለእነሱ አዲስ ነበር። ነጥቡ እንዳለ ቢወሰድ ወደ ልዩ ትምህርት ክፍል የሚመራ ነበር።

ሬውቨን ፎየርስታይን ያስጀመረው የፈተና ዓይነት ከዚህ ይለያል። ልጁ ይፈተናል፤ ከዚያ መርማሪው አጠገቡ ተቀምጦ እንዴት እንደሚታሰብበት ያሳየዋል፤ ከዚያ በሌላ ተመሳሳይ ጥያቄ እንደገና ይፈተናል። የሚመዘገበው መሻሻሉ ነው። ጺዩሪኤልና ካውፍማን በ1999 ያሳተሙት ጥናት ከኢትዮጵያ የመጡ የአንደኛ ክፍል ልጆችን እስራኤል ከተወለዱት ጋር በዚህ መንገድ አስተያየ። በመጀመሪያው ፈተና የነበረው ልዩነት ከአጭር ጊዜ ማስተማር በኋላ በእጅጉ ጠበበ። የመጀመሪያው ነጥብ የለካው ልጆቹ ምን እንደለመዱ እንጂ ምን መማር እንደሚችሉ አልነበረም።

ጥብቅ የመለኪያ ባለሙያዎች በዚህ ዓይነቱ ፈተና ላይ ቅሬታ አላቸው፤ ቅሬታቸውም ባዶ አይደለም። መርማሪው እየተነጋገረ፣ እየረዳ፣ እያበረታታ ከፈተነ ሁለት መርማሪዎች ተመሳሳይ ውጤት ላይ መድረሳቸው ይጠረጠራል። ትክክለኛነትን ለማግኘት ከአስተማማኝነት የተወሰነ ተከፈለ ማለት ነው። ለስድስት ዓመት ልጅ ግን ይህ ዋጋ ተገቢ ነው።

ከጥቅምት በኋላ የመጣ መሻሻል

እስካሁን የተነገረው ስለ መለኪያው ነው። መለኪያው እንከን ባይኖረው እንኳ ጥናቱ ራሱ ሊሳሳት ይችላል። ዶናልድ ካምቤልና ጁሊያን ስታንሊ በ1963 መመርመር ያለባቸውን ሁለት ነገሮች ለይተው አስቀመጡ፤ አንደኛው የታየው ለውጥ በእርግጥ ከተባለው ምክንያት መምጣቱ፣ ሁለተኛው በአንድ ቦታ የተገኘው ነገር ለሌላ ቦታና ለሌላ ሰው መሥራቱ ነው።

የመጀመሪያውን ማንኛውም የገጠር ሰው ያውቀዋል። አንድ የምክር አገልግሎት በሐምሌ ተጀመረ፣ በኅዳር ተጠናቀቀ እንበል። ሐምሌ ላይ ጎተራው ጎድሎ፣ ዝናቡ በርትቶ፣ የትምህርት ቤት ወጪም ከፊት ተደቅኖ ነበር። ኅዳር ላይ አዝመራው ይሰበሰባል። የተጠያቂዎቹ የጭንቀት ነጥብ ቢቀንስ ምክሩ ነው ወይስ እህሉ? ምክር ያላገኘ ተመሳሳይ ቡድን ጎን ለጎን ካልተለካ ማንም ሊለየው አይችልም። ይህ ሆኖ ሳለ በፊትና በኋላ ብቻ ለክተው «ውጤታማ ነው» የሚሉ ሪፖርቶች ከየዎርክሾፑ አይጠፉም።

ሁለተኛውን ደግሞ ሙያው ራሱ በራሱ ላይ ፈትኖታል። በ2015 ብዙ ተመራማሪዎች ተባብረው በታወቁ መጽሔቶች የወጡ 100 የሥነ ልቦና ጥናቶችን እንደገና ሲሠሩ፣ እንደ መጀመሪያው የጸና ውጤት የሰጡት ከአርባ አይበልጡም ነበር። አንዳንዶች ይህን የሙያው ውድቀት አድርገው ወሰዱት። የቀረው ዓለም ግን ራሱን በዚህ መልክ መርምሮ ጉድለቱን በአደባባይ ያሳተመ ሙያ ብዙ አላየም።

ሰባት

ወደ ሦስተኛው ጠረጴዛ ሲመለሱ ወረቀቱ እዚያው ነው። ነርሱ ዘጠኙን መልሶች ደምሮ ከታች 7 ጽፏል። ይህ ቁጥር ጥያቄዎቹ በየትኛው ወራት እንደተነበቡ፣ «ተመስገን» የተባለባቸው ስንቶቹ እንደሆኑ አይናገርም።

በአዲስ አበባው ጥናት ወሰን ይህች ሴት ካርዷን መልሳ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። በገጠሩ ጥናት ወሰን ወደሚቀጥለው ክፍል ገብታ፣ በር ተዘግቶ፣ ከአእምሮ ጤና ነርሷ ጋር ትነጋገራለች።